ከደሴ ወደ ደንቆሮ ጫካ፦ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጉሬዛ ለማየት እንዴት ይኬዳል?

የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ከባሌም ከሰሜን ተራሮችም ይልቅ ቅርብ ነው። የአገሬው ሰው ዛሬም የሚጠራው በድሮ ስሙ፣ ደንቆሮ ጫካ እያለ ነው። ታችኛው ጥግ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይጀምራል፤ ላይኛው ጫፍ 3,700 ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ ሁለት የተለያየ አገር አለ። ታች ወይራ፣ ጽድና ኮሶ የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ላይ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ የሸፈነው ውርጫም ሜዳ። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የደኑ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሜዳውና የገደሉ።

ይህን ክፍፍል ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ጠዋት ደኑ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ሲፈልግ ያረፍድና ረፋዱ ላይ ሜዳው ላይ ሲወጣ ጉም ይቀበለዋል። እንስሳቱ አሉ፤ ሰውየው ግን ያልሆነ ሰዓት ላይ ያልሆነ ከፍታ ላይ ነበር። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚሠራው በሰዓትና በከፍታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

መቼ መሄድ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ደርቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ የጠዋቱ ሰማይ የጠራ ነው። ጉዳቱ ብርዱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ በድንኳን ላይ የቀረ ጠል ንጋት ላይ በረዶ ሆኖ ይገኛል። የካቲትና መጋቢት ላይ በልግ ከገባ የገጠሩ መንገድ ሊጨቀይ ይችላል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሂዱ፤ ዝናቡን ብትችሉት እንኳ ጉሙ አያሳያችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ምርጡ የጉብኝት ወቅት ግልገሎች ጉድጓድ ውስጥ ያሉበት ወቅትም ነው ማለት ነው። የዚህን ጥንቃቄ ወደ ታች እንመለስበታለን።

መንገዱና ቀናቱ

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ይኬዳል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ነች፤ የፓርኩን ጉዳይ የምትጨርሱትም እዚያ ነው። መንገዱ በላይኛው ወሎ ደጋ ላይ ስለሚያልፍና ጠመዝማዛ ስለሆነ ርቀቱን አይታችሁ ጊዜውን አትገምቱ፤ ሙሉ ቀን ስጡት። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከሆነ ማታውኑ ደሴ ገብታችሁ እደሩ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ የሩቅ መኪና ማልዶ ስለሚወጣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ መገኘት አለባችሁ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ ነው። አንድ ሌሊት ደሴ፣ አንድ ሌሊት መካነ ሰላም ያደረ ሰውነት 3,500 ሜትር ላይ ራስ ምታቱ ይቀልለታል።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ደቡብ ወሎ ዞን ባህልና ቱሪዝም ደውላችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ፤ የመንገዱን ጸጥታና ፓርኩ ጎብኚ እየተቀበለ መሆኑን። ይህን በወሬ አትለፉት። መልሱ «ትንሽ ቆዩ» ከሆነ ቆዩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የሚነሱበትን ቀን ነው። ዓርብ ተነስቶ ማታ መካነ ሰላም የደረሰ ሰው ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ሆኖ ይጠብቀዋል። እሁድ ተነሱ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ተገኝታችሁ የመግቢያ ክፍያ፣ የአስጎብኚና የስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጉዳይ ጨርሱ፣ ደረሰኝ ያዙ። ከዚያ ሰኞ ከሰዓት ደኑን፣ ማክሰኞ ንጋት ሜዳውን፣ ረቡዕ ንጋት ደግሞ ሜዳውን እንደገና ትመለከታላችሁ። ረቡዕ ከሰዓት መካነ ሰላም ትገባላችሁ፣ ሐሙስ ደሴ። ሁለተኛው የሜዳ ንጋት ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ የመጀመሪያውን ጉም ቢበላው መጠባበቂያችሁ እሱ ነው። አንድ ንጋት ብቻ ይዞ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አይመከርም።

ከከተማዋ እስከ ፓርኩ ያለውን መንገድ በምን እንደምትሄዱ ቢሮው ውስጥ ተነጋገሩ። ዕቃ የሚጭን በቅሎ ከፈለጋችሁ ከዋዜማው ንገሩ፤ ጠዋት ላይ በቅሎ መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል። ዋጋውንም ከነመመለሻው፣ ከነባለ በቅሎው ምግብ ቀድማችሁ ቁረጡ። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ኖት ያዙ፤ ኔትወርክ ከጠፋ በስልክ መክፈል የለም።

ምን ይያዝ

ብርዱን በቁጥር ማሰብ ይሻላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ቀን 25 ዲግሪ ቢሆን 3,500 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ነው፤ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም በታች ይሰማችኋል። ሌሊት ዜሮ ይነካል፣ ከዜሮ በታችም ይወርዳል። ስለዚህ እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ፣ ሁለት ሹራብ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት ያዙ። ጋቢ ለማታ የሚተካው የለም፤ ግን ጠል ከጠጣ ስለሚከብድና ቶሎ ስለማይደርቅ ንጋት ላይ ሣር ውስጥ ይዛችሁት አትውጡ፣ ነጭነቱም ከሩቅ ያጋልጣል። የምትለብሱት ቡናማ፣ ግራጫ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ ይሁን። የወታደር ልብስ የሚመስል ግን አትልበሱ፤ በየኬላው አላስፈላጊ ጥያቄ ያመጣል። ረጅም ሱሪ ግድ ነው፤ የደኑ ጠርዝ ሳማ አለበት።

የብርድ ልብሱንና ስንቁን ደሴ ሰኞ ገበያ ወይም ፒያሳ አካባቢ ጨርሱት። ለምግብ በቶሎ የሚደርስ ነገር ምረጡ። ምክንያቱ ከፍታው ነው፦ 3,500 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ምስርና ባቄላ እንደ ከተማው አይበስልም፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይበቃሉ። ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን አንድ ኪሎ ድርቆሽ፣ ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ሩብ ኪሎ ሽሮ ብታደርጉ አይጎድልም። ለስካውቱና ለአስጎብኚው የሚበላውንም ከሂሳቡ አስገቡ፤ እነሱን አስርቦ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሱ ማለት አይቻልም። የጾም ቀን መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር አስቡ። የምንጭ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። የራሳችሁን ምድጃ ያዙ። ደረቅ እንጨት ቢሆንም ከፓርኩ አትልቀሙ። በተለይ አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ለአንድ ማታ ሻይ የነደደው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው።

ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) የሌለው ሰው የጉዞውን ግማሽ ደሴ ትቶት እንደሄደ ይቁጠረው። 8 በ42 የተጻፈበትን ፈልጉ። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 በ42 ያቀርባል፤ ግን የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል፣ ሽቅብ ወጥቶ ለሚያለከልክ ሰው ይከብዳል። ትልቅ መስታወት የፈለግነው ቀይ ቀበሮ የሚታየው ፀሐይ ሳይጠነክር በፊት ስለሆነ ነው። መጠቀሙን ሳትሄዱ ተለማመዱ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ዳክዬዎች እየመረጡ መከተል ጥሩ ልምምድ ነው። ዓይናችሁን ከምታዩት ነገር ላይ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። መጀመሪያ መነጽሩን አንስቶ ከዚያ እንስሳውን የሚፈልግ ሰው ሰማይና ሣር ብቻ ያያል።

የስልክና የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። ሌሊት መኝታ ከረጢቱ ውስጥ፣ ቀን በውስጥ ኪስ ይዋል። የካሜራውን ድምፅ ከደሴ ሳትወጡ አጥፉ።

ደኑ ውስጥ፦ ጉሬዛና ድኩላ

ለደኑ የሚስማማው ከሰዓት ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽት 12 ነው፤ ጠዋትም ጥሩ ነበር፣ ጠዋቱ ግን የሜዳው ነው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ቅጠሉን ለማብላላት ጊዜ ስለሚፈልግ የቀኑን ትልቅ ክፍል ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ እንቅስቃሴ አትጠብቁ፤ ከትልልቅ ዛፎች አናት ሥር የተንጠለጠለ ነጭ ጭራ ፈልጉ። ቅርንጫፍ ያለ ነፋስ ሲወዛወዝ ቁሙ፤ አንዱ ከዘለለ ሌሎቹ በዚያው መንገድ ስለሚከተሉ የሚቀጥለውን ዝላይ ታገኛላችሁ። በመንጋው ውስጥ ሙሉ ነጭ የሆነች ትንሽ ካያችሁ በቅርቡ የተወለደች ናት፤ ጥቁሩ የሚመጣው ወራት ቆይቶ ነው።

የምኒልክ ድኩላ ይከብዳል። ወንዱ ጥቁር ነው ለማለት ይቀርባል፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት፤ ሁለቱም ከጥላ አይለዩም። ደኑ ከሣር ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ፊት ለፊት የሚያሳይ ቦታ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ለግጦሽ የሚወጣው ወደ ማታ ነው። እዚህ ነፋስ ወሳኝ ነው። ቁንጣሪ በሶ ወይም ደረቅ አፈር ከእጃችሁ ልቀቁና ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ ወደ ደኑ ከሄደ ቦታ ቀይሩ። ውሻ የጮኸ የሚመስል አጭር ድምፅ ከሰማችሁ ድኩላው ቀድሞ አይቷችኋል ማለት ነው፤ ያን ጠርዝ ትታችሁ ሌላ ፈልጉ። ለዚህ ሥራ ከአራት ሰው በላይ አይሆንም።

ሜዳው ላይ፦ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ

ከድንኳን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳውን የሚያሳይ ጉብታ ላይ ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። ከዚያ እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ከዚያ በኋላ ጉም ከሸለቆው ሊነሳ ይችላል፤ ባይነሳም ከመሬቱ የሚወጣው ሙቀት በመነጽር የምታዩትን ያርገበግበዋል። ከሰዓት ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሁለተኛ ዕድል አለ።

ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድነው ምግቡ የሆኑት የሜዳ አይጦች በቀን ስለሚወጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አይጥ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ሣሩ አጭር የሆነበት፣ ጉድጓዶች የበዙበት፣ በአፋቸው ላይ አዲስ አፈርና የተቆረጠ ሣር ያለበት ቦታ የአደን ቦታ ነው። አንዳንዱ ጉድጓድ በጥፍር ተቆፍሮ ሰፍቶ ከተገኘ ቀበሮው እዚያ ሠርቷል። ሜዳውን በአንዴ አትቃኙት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ በቅርብ ያለውን መስመር ጨርሱ፣ ከዚያ ከኋላው ያለውን፣ ከዚያ ሩቁን። ዝቅ ባለ ጭንቅላት በቀስታ የሚራመድ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከዚያ በአራት እግሩ ተነስቶ የሚወረወር ቀይ ነገር ካያችሁ አግኝታችሁታል። በመንጋ የሚኖር ቢሆንም አደን የሚወጣው ለብቻው ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ።

ጭላዳዎቹን ቀድማችሁ አግኙ። ገደል ላይ አድረው ጠዋት ሲሞቅ ወደ ሜዳው ጠርዝ ይወጣሉ፣ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። መንዝ ጓሳ ላይ የተሠራና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ፣ ለብቻው ሲያድን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ጸጥ ብሎ የሚግጥ ትልቅ የጭላዳ መንጋ ስታዩ አትለፉት፤ ጠርዙንና መካከሉን በመነጽር አጣሩ። ወንዱ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ አስቦላችሁ ፈገግ አላለም፤ ቀርባችኋልና ወደ ኋላ በሉ።

ተራውን ቀበሮ አይቶ ቀይ ቀበሮ አየሁ ብሎ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ቀይ ቀበሮ ረጅም እግር፣ ረጅምና ቀጭን አፍ አለው፤ ቀለሙ የሸክላ ቅላት ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጭራው ከግማሽ በታች ወፍራምና ጥቁር። ተራው ቀበሮ ግራጫ ያደላበታል፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ፀጉር ተቀላቅሏል፣ በቀዩና በነጩ መካከል ያ ጥርት ያለ ድንበር የለውም። ጉሮሮውን ሳታዩ አትወስኑ።

ርቀት እንዲህ ያዙ፦ ለጭላዳ 30 ሜትር፣ ለቀይ ቀበሮ 100 ሜትር። ተቀምጣችሁ እሱ ራሱ ከቀረበ አትንቀሳቀሱ፤ ደስ የሚለው ሁሉ የሚገኘው እንዲያ ነው። አደኑን ትቶ ጆሮውን አቁሞ ወደ እናንተ ካየ ቀርባችኋል። መከተል ከጀመራችሁ ደግሞ የዚያን ቀን አደኑን አበላሻችሁበት። ግልገል ያለበት ጉድጓድ ካጋጠማችሁ ቢያንስ 300 ሜትር ራቁና ቶሎ ሂዱ። የተረበሸች እናት ግልገሎቿን እየነከሰች በቀን ብርሃን ወደ ሌላ ጉድጓድ ታጓጉዛለች፤ ብርድና ጅብ የሚያገኛቸው ያኔ ነው። የጉድጓዱን ቦታ በስልክ መዝግቦ ለጓደኛ መላክ፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይደረግም።

እረኛ ስታገኙ በወጉ ሰላም በሉ፤ ቦረናም ሳይንትም ሰላምታ ሳይጨርስ ጥያቄ የሚወድ ሰው የለም። «አያ፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መነጽር ይበልጣል። ልጆች ግን ጉድጓድ ላሳያችሁ ቢሉ አትክፈሉ። አንዴ ከተከፈለበት ለሚቀጥለው ጎብኚ ጉድጓዱን በዱላ እየቆሰቆሱ ያሳያሉ። ለጥቆማ መስጠት የምትፈልጉትን በአስጎብኚው በኩል ለአዋቂ ስጡ።

ውሻ

ይህ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል ይገባል። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 ብዙ የማይዘል ነው፤ ሌላ የትም የለም። ከጎረቤት ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ጠፍቷል። እዚህ ያለው ቁጥሩ ትንሽ፣ በእርሻ የተከበበ ነው፤ አንድ በሽታ ከገባ የሚተካው ከየትም አይመጣም። የሚገባው ደግሞ በውሻ ነው፦ ባሌ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ጨርሰዋል። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከመንገድ የሚከተላችሁን ውሻ ምግብ በመስጠት አታላምዱ፣ መልሱት። የምግብ ትራፊና አጥንት ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ውሻውንና ቀበሮውን አንድ ቦታ የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ቆሻሻችሁን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ መካነ ሰላም ድረስ ውረዱ።

የእረኛ ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሁኑ፣ ባለቤቱን ጥሩ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የቀረውን ጉብኝት ትታችሁ ክትባቱ ወዳለበት ጤና ተቋም ሂዱ። ትንሽ ጭረት ነው ብሎ ማደር የለም።

ሰው ሲታመም

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት የከፍታ ምልክት ናቸው። ውሃ ጠጥቶ፣ አርፎ ካልቀለለ ከዚያ በላይ አይወጣም። የሚደናቀፍ፣ ንግግሩ የሚምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከስካውቱ ጋር ወደ ታች ይውረድ። ማስታገሻ ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ያስገድላል። የአስምና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

ስትመለሱ

ያያችሁትን በወረቀት ጻፉና ለቢሮው ስጡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የእንስሳው ዓይነትና ብዛት፣ ስልካችሁ የሚያሳየው ከፍታና ነጥብ፣ ምን ያደርግ እንደነበር፣ በአቅራቢያው ውሻ መኖር አለመኖሩን። ሳታዩ ከተመለሳችሁም ስንት ሰዓት የት እንደተቀመጣችሁ ጻፉ፤ ያልታየበትም መረጃ ነው። የሞተ ወይም የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይፈራ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ አትንኩት፤ ፎቶ አንሱና ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታችሁ በዚያው ቀን ለስካውቱና ለቢሮው አሳውቁ። የውሾችና የቀበሮዎች ክትባት የሚጀመረው እንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ ሲደርስ ነው።

የደሴን መኪና ትኬት ረቡዕ ማታ ቁረጡ። ገበያ ቀን ከሆነ ጠዋት ቦታ አይገኝም።